ቡናው በሚመነጠርበት ሰሞን

«የዚህ ቦታ ሰው የለም እንዴ?» ብሎ ጮኸ ቀያሹ ደበበ፤ አሰገደች ከፊቱ ቆማ ሳለች።

«እኔ ምንድን ነኝ? ግንድ ነኝ?»

«ይቅርታ እማማ፣ ወንድ ማለቴ ነው።»

«ወንዱ ሞቷል። ከፈለግኸው መቃብሩ እዚያ ማዶ ነው፤ ሂድና አነጋግረው።»

አብረውት የመጡት ሠራተኞች ሳቁ። ደበበ አንገቱን ደፍቶ ችካሉን መታ።

ቡናውን የተከሉት አሰገደችና ባሏ ነበሩ፤ መሬቱ ግን የባለርስቱ የፊታውራሪ ነበር። ፊታውራሪ አንድ ቀን በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ «ኑሩበት» ብለዋቸው አለፉ። ሌላ የሰማ ሰው አልነበረም። እሳቸው ሲሞቱ አዲስ አበባ የሚኖረው ልጃቸው ቦታውን ለነጋዴው ለወልደሰማያት ሸጠው። ከከተማው ገበያ፣ ከመርካቶ ወዲህ የሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኙ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሆኗል፤ አምና በቆሎ የነበረው ዘንድሮ ሻይ ቤት ነው። አሁን ደግሞ የቡና መጋዘን ሊሠራ ቡና ይመነጠራል። ይህን ባሰበችው ቁጥር አሰገደችን ሳቅ ሳቅ ይላታል። ወልደሰማያት ቤቷን ከነጓሮዋ ትቶላታል። ለዚህ በሆዷ ታመሰግነዋለች፤ ፊት ለፊት ግን አትነግረውም፤ ይንጠባረራል።

መጥረቢያው የሚገባው በማግስቱ ነበር። እሷ ከማለዳ ጀምራ ከትልልቆቹ ቡናዎች ሥር ተንበርክካ ነበር። ረግፎ የቀረ ፍሬ በጥላው ውስጥ ያበቀላቸውን ችግኞች እያንዳንዳቸውን ከነአፈራቸው እየፈነቀለች ታወጣለች። የሰኔ ዝናብ መሬቱን አለስልሶላታል። የት እንደምትወስዳቸው አታውቅም፤ ጓሮዋ ለዚህ ሁሉ አይበቃም። መጀመሪያ ይውጡ፤ የሚገቡበት በኋላ ይታሰባል።

«እማማ» አለ ደበበ የመለኪያ ሰንሰለቱን እየጠቀለለ፣ «ቡና እስኪያፈራ እኮ አራት ዓመት ይፈልጋል።»

«አንተ ልብ እስክትገዛ አርባ ይፈልጋል። እጠብቅሃለሁ።»

መልሱ ከአፏ አልዘገየም፤ እጇ ግን ቆመ። ለማን ነው የምታወጣቸው? ጉልበቷ ተነስ ስትለው የሚያጉረመርም ጉልበት ነው። እስከ ማታ ያወጣችው በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ያላወጣችው በእግር ይረገጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ መቆፈሪያውን አስቀመጠች።

ይኼኔ አንድ ጋሪ አጥሩ አጠገብ ቆመ። ዘይቡ ነበረች፤ ከከተማው ወጣ ወዳለው ኪቶ፣ ወደ አባቷ ርስት እስክትሄድ ድረስ ዘመኗን ሙሉ የአሰገደች ጎረቤት የነበረችው ዘይቡ። ሁለት ልጆቿንና ክምር የኮባ ቅጠል ይዛ መጥታለች።

«ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ አንቺ ሴትዮ! ብቻሽን ልትጨርሺው ነው?»

«ማን ጠራሽ?»

«አንቺማ መቼ ጠርተሽ ታውቂያለሽ! ሳይጠሩሽ የሚመጡትን መሳደብ ነው የምታውቂው።»

እውነቷን ነበር። የአሰገደች ባል በለቀማ ወራት ሲሞት፣ እሷ ሐዘን ተቀምጣ ሳለች ዘይቡ ከምራቶቿ ጋር ገብታ ቡናውን አንድ ፍሬ ሳታስቀር ለቅማላት ነበር። አሰገደች ያን ጊዜ ያለቻት «ቅርጫቱን ለምን አልሸፈንሽውም?» ብቻ ነው።

ሥራው በአንዴ ፈጠነ። ልጆቹ ይቆፍራሉ፤ ሁለቱ አሮጊቶች እያንዳንዱን ችግኝ ከነአፈሩ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያስራሉ። ደበበም ጥቂት ሲያይ ቆይቶ ኮቱን አጥር ላይ ሰቀለና እሽጎቹን ወደ ጋሪው ማመላለስ ጀመረ።

«በርታ» አለችው አሰገደች፤ «ሰው ልትሆን ነው።»

ኪቶ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቷል። ልጆቹ ጋሪውን ከታች ማራገፍ ጀመሩ፤ ዘይቡ አሰገደችን ይዛ ወደ ተዳፋቱ ወጣች። ጥላው የብርብራና የዋንዛ ዛፍ ነው፤ አፈሩ ጥቁር፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር። አሰገደች ዘግና አሸተተችው።

«ከዚህ ጅረት እስከዚያ ዋንዛ ያንቺ ነው» አለች ዘይቡ። «ለአላህ ብዬ ሰጥቼሻለሁ።»

አሰገደች ዞር ብላ ከተማውን አየች። እርጥብ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፤ ወደ ኪቶ እየተጠጋ ነው። አንድ ቀን እዚህም ችካል ይመታል። ይህንንም ቃል ከእነሱ በቀር የሰማው የለም።

«አልቀበልም።»

«ምን?»

«ነዳይ አይደለሁም። ባለመሬቷ አንቺ፣ ተካይዋ እኔ፤ ሲያፈራ እኩል። እንደ አገሩ ደንብ፣ ሰው እያየ፣ የመጀመሪያውን ችግኝ አፈር አብረን በባዶ እግራችን እንረግጣለን፤ ውል ማለት እሱ ነው።»

ዘይቡ ሳቀች። «በኔና ባንቺ መካከል ደግሞ ምን ውል ያስፈልጋል? እኅቴ አይደለሽም?»

«እኅትሽ ስለሆንኩ ነው። እኔ ነገ እሞታለሁ፤ አንቺም ብዙ አትቆዪም፣ አታጭበርብሪ፤ ያየ ሰው ግን ይቀራል። ፊታውራሪን ከበቅሎዎ ይውረዱና ይርገጡልን ለማለት አፈርን። ይኸው ማፈር ያተረፈልን!»

አሰገደች ወደ ታች ተጣራች። የዘይቡ ልጆች ወጥተው አንድ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ በዚያ ስታልፍ የነበረች እንጨት ተሸካሚ ሴትም ሸክሟን አውርዳ ቆመች። አሰገደች ጉድጓዱ አጠገብ ተንበረከከች። የኮባውን ቅጠል ፈታች፤ ሥሩ እንዳይታጠፍ በሁለት ጣት ይዛ ችግኙን አቆመችው፤ አፈር መለሰችበት።

ቀና ስትል ዘይቡ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች።

«እግዜር ይስጥሽ» አለች አሰገደች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት፤ ቶሎ ብላ ተቆጣች። «በይ እንባሽን ተይው። ልጆችሽ እያዩሽ ነው፤ ጫማሽን አውልቂና ነይ ርገጪ!»