የቢጫው ሙከራ

ሰፈሩ «በሬው» የሚለው ነጋዴ ጠዋት ልጁን ቀብሮ፣ ከሰዓት የኬሚስቷን ታናሽ ወንድም በፀጉሩ እየጎተተ ላቦራቶሪዋ ገባ። የወንድሟ አፍንጫ ተሰብሮ ደሙ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«ልጄ ታውሮ የሞተው ይሄ የሸጠለትን ጠጥቶ ነው» አለና ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጎ አስቀመጠ። «ምን እንደሆነ ንገሪኝ። መርዝ ከሆነ እዚሁ እጨርሰዋለሁ።» በእጁ የብረት ዘንግ ይዟል።

«እታለም፣ ከደህናው በርሜል ነው የቀዳሁት፤ እናታችን ትሙት!» አለ ወንድሟ።

ወንድሟ የሚሠራበት የቀለም ፋብሪካ ሁለት በርሜል አልኮል አለው። ሁለቱም እንደ ውሃ ጥርት ያሉ ናቸው። ባለ ሁለት ካርቦኑ፣ ኤታኖሉ፣ ይጠጣል፤ ባለ አንዱ፣ ሜታኖሉ፣ ያሳውራል፣ ይገድላል። በአዮዲንና በካስቲክ ሶዳ ሲሞቁ ግን ባለ ሁለቱ ብቻ ቢጫ ዝቃጭ ይሰጣል።

ሁለት የሙከራ ቱቦ አነሳች። በአንዱ ከጠርሙሱ ጠብ አደረገች፣ በሌላው ንጹህ ውሃ፤ ኬሚስት ያለ ማነጻጸሪያ አይሠራም። በሁለቱም አዮዲንና ሶዳ ጨምራ አሞቀች። የጠርሙሱ ቢጫ ሆነ።

«ደህናው ነው!» ብላ ጮኸች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

«እንግዲያው ይጠጣዋ» አለ በሬው። ወንድሟ በደም የቀላ ጥርሱን እያሳየ ስቆ ጠርሙሱን አነሳ።

ያኔ ሌላውን ቱቦ አየችው። ውሃውም ቢጫ ሆኗል። ጠዋት ቱቦዎቹ ቶሎ ይድረቁልኝ ብላ በአሴቶን አለቅልቃቸው ነበር፤ አሴቶንም ያንኑ ቢጫ ይሰጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሷ ግን የሚለቀምም አላገኘች። ሙከራው ምንም አልነገራትም።

«አትጠጣ!»

«ለምን?» አለ በሬው።

«አላውቅም፣ ቱቦው ቆሻሻ ነበር፤ አንዴ ልድገመው፣ በፈጠረህ!»

በሬው የሰማው «አትጠጣ» የሚለውን ብቻ ነው። ዘንጉን ሲያነሳ ወንድሟ ላይ ተደፋች። የመጀመሪያው ምት ቀኝ ክንዷን ሰበረው። በእግሩ ገፍትሮ ገለበጣትና የቀረውን ምት ሁሉ የወንድሟ ጭንቅላት ላይ አወረደው፤ እስኪደክመው ድረስ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው፣ ለማደር ለታደለ ሰው ነው። እያለቀሰች በግራ እጇ አዲስ ቱቦዎች በውሃ ብቻ አጠበች፤ ከወደቀው ጠርሙስ የተረፈውን በአንዱ፣ ውሃ በሌላው ጠብ አድርጋ እንደገና አሞቀች። ውሃው ጥርት እንዳለ ቀረ። የወንድሟ አልኮል ቢጫ ሆነ።

«ደህናው ነበር» አለችው። «ልጅህን የገደለው ሌላ ነው።»

በሬው ቱቦውን ነጥቆ ወደ መስኮቱ ያዘው፤ ነቀነቀው፤ ደግሞ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን አየ።

«ድገሚው» አላት ቱቦውን እየመለሰላት። «እስቲ አንዴ ድገሚው።»