የአለቃ ከበበው ዓይኖች

መኩሪያ ከቄራ በእግሬ መጣሁ ቢልም ጫማው ላይ አቧራ አልነበረም። ላቀው ይህን ልብ አለ። መጋቢት 1972 ነው፤ የላፍቶ መንገድ ዱቄት ሆኗል።

የሙዚየም መዝጋቢው መኩሪያ ጥቅልሉን ፈትቶ በጠባቧ የቀበሌ ቤት አልጋ ላይ ዘረጋው። ሥዕሉ ልጇን የታቀፈች ማርያም ናት። አንድ የውጭ አገር ሰው ገዝቷት ከአገር ይዟት ሊወጣ ጠይቋል። የስመ ጥሩው ሟች ሠዓሊ የአለቃ ከበበው ሥራ ከሆነች ቅርስ ናትና አይፈቀድለትም፤ የአስመሳይ ከሆነች ይፈቀድለታል። የመውጫ ፈቃዱ ቅጽ ላይ «አስመሳይ» ተብሎ ተሞልቷል። የቀረው የላቀው ፊርማ ነው። ላቀው ዛሬ ነፋስ ስልክ ፋብሪካ ውስጥ የቤት ቀለም ይበጥብጥ እንጂ የአለቃ የመጨረሻ ተማሪ እሱ ነበር።

መኩሪያ ምክንያቱን አስረዳ። አለቃ የሥዕሉን ልብስ ለተማሪ ይተዉ ነበር፤ ዓይን ግን ጾመው፣ ሁሉን አስወጥተው፣ በር ዘግተው ራሳቸው ይሥሉ ነበር። ይህን የማያውቅ የለም። የዚህች ዓይኖች ደካማ ናቸው።

ላቀው ዓይኖቹን አላየም። ከትከሻ እስከ ጉልበት ሳይቆረጥ የወረደውን የመጎናጸፊያ እጥፋት ተመለከተ።

«ማን አደረሰህ፣ ጓድ?»

«በእግሬ አልኩዎት እኮ።»

«በዚህ ጫማ?»

«ታዲያ በባዶ እግሬ ልምጣልዎት፣ ጋሽ ላቀው?»

ላቀው ምስጢራቸውን ላያወጣ ለአለቃ ምሎላቸው ነበር። አለቃን በመጨረሻዎቹ አራት ዓመታት የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ሰፊውን እጥፋት ክንዳቸው በልማድ ያውቀዋል፤ ዓይን ግን ቀጭን ነገር ነው። በሩ ሲዘጋ ላቀው ውስጥ ይቀራል። እሱ ሲሥል አለቃ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጸልያሉ።

«ዓይኖቹ የእኔ ናቸው» አለ። «ሌላው ሁሉ የእሳቸው ነው።»

መኩሪያ ሳቀ። «ሙዚየም መግባት አማረዎት?» ላቀው የሞራውን ነገር ሲነግረው ግን ሳቁን አቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይህ ከተሰማ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥራቸው ሁሉ ይጠረጠራል። ለስማቸው አያዝኑም?»

«አዝናለሁ።»

መኩሪያ ቅጹን አቀረበለት፤ እንዳሻዎ አርመው ይፈርሙ፣ አደርሰዋለሁ አለ። ላቀው ወረቀቱን አልነካም። ወረቀት ይቀደዳል። ሥዕሉን ገለበጠና፣ ከአልጋው ሥር የጥቁር ዘይት ቀለም ጣሳ አውጥቶ በሸራው ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፈ፦ ሥዕሉ የአለቃ ከበበው፤ ዓይኖቹ የተማሪያቸው የላቀው።

«ጉምሩክ ጀርባውን ሳያይ አያሳልፍም» አለ።

መኩሪያ ሊጠቀልለው እጁን ሰደደ።

«ይደርቅ እንጂ። ተቀመጥ።»

ውጭ ሰው የሚጠብቅ መኪና ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋ። ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ።