የአልፎንስ እጅ

አረፋው እንደገና ወጣ። ሊዮኒ ሳሙና ውሃ የነካ ብሩሽ በነዳጅ ታንኩ የብየዳ መስመር ላይ ስታስኬድ፣ ውስጡ የታመቀው አየር በቀጫጭን ቀዳዳ እየሾለከ ኩፍ ኩፍ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተወችው።

«ስንት?» አለ ግሌን በሩ ላይ ቆሞ።

«አትጠይቀኝ።»

በአንድ ወር ሦስተኛው ታንክ ነው። ሰኞ ሎብስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት ወቅት ይከፈታል፤ ጀልባው ያለ ታንክ ከወደብ አይነቃነቅም፤ የዚያ ባሕር ዳርቻ ሰው ደግሞ ዓመቱን የሚኖረው በዚያ ወቅት ነው።

ግሌን ወርክሾፑን ከአባቱ ወርሷል። ብየዳ ያስተማረው የወርክሾፑ በያጅ አልፎንስ ነው፤ ገና ልጅ ሳለ እጁን ይዞ። አሁን ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ከምሳ በኋላ ሌላ በያጅ ይመጣል» አላት። «አጎቴ አልፎንስን ወደ ቤታቸው እሸኛለሁ። ምን ላድርግ? እጃቸው ይንቀጠቀጣል ያልሽኝ አንቺው ነሽ።»

ብላለች። ማክሰኞ ሲጠይቃት እንደ ዘበት ብላዋለች። አልዋሸችም፤ ሚስቱ ኤድና ከሞተች ወዲህ አልፎንስ የሻይ ኩባያ ሲያነሳ ሻዩ ይፈስሳል። ግን እውነትም ጊዜና ቦታ አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ምሳ አልበላላት አለ። ተነሳች፤ ተቀመጠች፤ መልሳ ተነሳች። ጥፋቱ ከሱ ይሆናል ብላ ብየዳውን ከአየር የሚከላከለውን የጋዝ ቦምቦላ በአዲስ ቀየረች። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሳሙና ውሃ ፈተሸችው፤ አይተነፍስም። ነፋስ ጋዙን እንዳይበትነው ትልቁን በር ዘጋች።

«ምን ያቅበዘብዝሻል፣ እንቁላል እንደያዛት ዶሮ?» አላት አልፎንስ። ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ሁለቱን አብረው ሠርተዋል።

«ልጥል ነዋ፣ ተወኝ! ይልቅ ይቺን ቁራጭ በይድልኝ።»

እንደ ልማዷ አሉሚኒየሙን ማጽጃ ፈሳሽ በነካ ጨርቅ ወልውላ ሰጠችው። ጭንብሉን ፊቱ ላይ አወረደ፤ ብርሃኑ በራ፤ ጠፋ። መስመሩ እንደ ስፖንጅ ተበሳስቷል።

አልፎንስ ጭንብሉን አወለቀ። «እጄ ነው፣ ሊዮኒ። በቃ ተይው። ኤድና ይዛው ሄዳለች።»

«እጅማ መስመር ያጣምማል እንጂ ብረት አይበሳም! እይማ፣ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው።»

ከአፏ ሲወጣ ነው እሷም የሰማችው። ሦስቱም ታንኮች ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ሳሙና ስትቀባ፣ አረፋ ስትቆጥር፣ አንድ ቀን እንኳ መስመሩን አላየችውም።

ሌላ ቁራጭ አነሳች። የጨርቁ ሣጥን ከወዲያ ማዶ ስለነበር ከምሳ ዕቃዋ የወረቀት ናፕኪን መዘዘች፤ በዚያው ፈሳሽ ወለወለችው።

«አንዴ ብቻ።»

«እምቢ።»

«አንዴ፣ በማርያም!»

በየደ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩ። መስመሩ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ብልጭ ይላል፤ አንድ ቀዳዳ የለበትም።

የተለየው መወልወያው ብቻ ነበር። እሷ ወደ ሣጥኑ ሄዳ አንድ ጨርቅ አነሳችና አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ላቬንደር፣ የላቬንደር አበባ ይሸታል።

ከወር በፊት ነው። የመወልወያው ጨርቅ ሻካራ ነበር፤ የአልፎንስን የተሰነጣጠቀ እጅ ይቧጥጠዋል ብላ አዘነችና ሁሉንም ቤቷ ወስዳ አጠበችው፤ ለስለስ እንዲል ላቬንደር የሚሸት የልብስ ማለስለሻ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ እንደዚያ ነው። ጨርቁ ለስልሷል። ግን ማለስለሻው ቅባት አለው፤ ቅባቱ ብረቱ ላይ ይቀራል፤ እሳት ሲያገኘው በቀለጠው ብረት ውስጥ እየፈላ ቀዳዳ ይተዋል።

ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ ለካ።

ውጭ መኪና ሲቆም ተሰማ። እንግዳው በያጅ ነው። ልቧ አንድ ነገር ሹክ አላት፦ ቦምቦላው ነበር በይ። አሁን ቀይረሽው የለ? ማን ያውቃል? ጨርቁን ጥግ ያለው ምድጃ ውስጥ ክተቺው። አልፎንስም ይተርፋል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ። ጨርቁን በእጇ እየጨማደደች ወደ ምድጃው ሁለት እርምጃ ያህል ሄደች።

ግሌን ገባ። «እሺ፣ አጎቴ…»

«ቆይ፣ ግሌን። ሰውዬውን መልሰው።» ጨርቁን ዘርግታ አሳየችው። «እኔ ነኝ። ጨርቁን በማለስለሻ ነው ያጠብኩት፤ ቅባቱ ነው የበሳው። ሦስቱንም ታንክ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ የሱ እጅ አይደለም። ያንን ያልኩህንም…» ጨርቁን መልሳ አጠፈችው። «የማክሰኞውን፣ ያለ ቦታው ነው ያልኩት።»

ግሌን ቁራጮቹን ተራ በተራ አገላበጠ። ከዚያ ሰውዬውን ሊመልስ ወደ ውጭ፣ ወደ መኪናው ሄደ።

ሁለቱ ቀሩ። ታንኩ መከፈት፣ መጽዳት፣ እንደገና መበየድ አለበት፤ ቅዳሜም እሁድም ሊበቃ ላይበቃ ይችላል። ሊዮኒ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«የማክሰኞውን ዛሬ ጠዋት ነግሮኛል» አለ አልፎንስ።

«አልፎንስ፣ እኔ…»

«ጨርቁስ ጨርቅ ነው፤ ይጣላል። ስለ እጄ ያልሽውን ግን በምን ታጥቢዋለሽ?»

መልሷን አልጠበቀም። ጓንቱን አውልቆ እጁን ፊቷ ዘረጋው።

«እይው እስቲ። ሳትፈሪ እይው።»

ይንቀጠቀጣል። የምር ይንቀጠቀጣል። ሊዮኒ ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ ጠባሳውን፣ ስንጥቁን፣ ያልቆመውን ጣቱን። ከዚያ እጁ ፊቷ እንደተዘረጋ፣ በሌላኛው ጭንብሉን አነሳ።

«በይ፣ ብረቱን ያዥልኝ» አላት።