የማገዶ ቤቱ ጨው

«ቢላዋውን አስቀምጠው፣ ሄልጌ» አለች ዳግኒ።

አስቀመጠው። ሳልሞን ዓሣው አከርካሪው ወጥቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ሚስቱ ታይራ ከሞተች ስምንት ቀን ሆኗታል። እንደ አገራቸው ልማድ ቀብሯ ገና ዓርብ ነው። ከቀብር መልስ ለሰው የሚቀርበው ዓሣ ዛሬ በጨውና በስኳር ታሽቶ ድንጋይ ካልተጫነበት አይደርስም።

«እኔ ልሥራው» አለ ሄልጌ።

«አንተ?» የታይራ ታላቅ እህት ዳግኒ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እህቴን በሰው ፊት እንድታሳፍራት?»

ጎረቤታቸው ፎልኬ ሊያጽናና መጥቶ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ሦስተኛ ስኒ ቡናው ነው። «እውነቷን ነው» አለ። «ባለፈው ሰኔ ያንተን ጨው የበዛበት ዓሣ በልቼ የካሊክስን ወንዝ ግማሹን ጠጥቼ የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

 ሄልጌ ሃምሳ ዓመት ከታይራ እጅ በልቷል። አሁን አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ሠርቶ ሊሸኛት ፈልጓል፤ ሌላ ምንም አልፈለገም። አንድ ቃል ቢናገር ዳግኒ ትለቅለት ነበር። ያን ቃል ግን አይናገርም።

ባለፈው ሰኔ፣ እንግዳ የሚጠሩበት በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማገዶ ታቅፎ ሲገባ ታይራ ዓሣው ላይ አንድ ስኒ ጨው ስትነሰንስ አየ። እንስላሉን ልታመጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ተመልሳ ሌላ ስኒ ጨመረች። እጇን ጠረገች። ሦስተኛውን ቀዳች። እሷ ታውቃለች ብሎ ማገዶውን አራግፎ ወጣ።

በበዓሉ ዕለት እንግዳው ሁሉ አንድ ጊዜ ጎርሶ ወደ ውሃው እጁን ሰደደ። ታይራ ሹካዋን አስቀመጠች። ፊቷ ላይ ያየው እፍረት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ሄልጌ። «ጨው ያነሰው መስሎኝ፣ እሷ ሳታየኝ ጨመርኩበት።»

ሳቁበት። ዓመቱን ሙሉ ሲሳቅበት ከረመ። ያን ቀን እንግዶቹ ሲሄዱ ታይራ ሳህን እያደረቀች ጠየቀችው።

«እውነት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ተመስገን» አለች። «እኔ መስሎኝ ነበር።»

አሁን ዳግኒ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ቀጥላ መሳቢያዎቹን። ስኳሩን አገኘች፤ ነጩን ቁንዶ በርበሬ አገኘች። «ጨዋችሁ የት ነው?»

«አመጣለሁ» ብሎ ሄልጌ ወጣ።

ሲመለስ የጨው ጣሳ ይዟል። ክዳኑ ላይ ከማገዶ የተላጠ የበርች ዛፍ ቅርፊት ተጣብቋል።

«ጨው ማገዶ ቤት ምን ይሠራል?» አለች ዳግኒ።

ሄልጌ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከራሱ እጅ ደብቆት ነዋ» አለ ፎልኬ።

ዳግኒ አልሳቀችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ካለፈው ሰኔ።»

ጣሳውን አየች፤ እሱን አየች። ባለፈው መኸር ታይራ በአንድ ቀን አራት ጊዜ ደውላ ያንኑ አንድ ነገር እንደ አዲስ ጠይቃት ነበር። በአራተኛው ዳግኒ ተቆጥታ ስልኩን ዘግታባታለች። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እጀታ የሌላትን የታይራ መስፈሪያ ስኒ አንስታ ለሄልጌ ዘረጋችለት።

«አንድ ስኒ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ምነው፣ ዓሣውን እሱ እንዲነካው ልትፈቅጂለት ነው?» አለ ፎልኬ።

«ፎልኬ፣ ቡናህን ጠጣ።»

ሄልጌ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ስኒ ስኳር ለካ። ቁንዶ በርበሬውን ጨምሮ ቀስ ብሎ አሸው። እንስላሉን ደለደለበት። አንዱን ግማሽ በሌላው ላይ ደፋ፤ ወፍራሙን ጫፍ በቀጭኑ ላይ፣ ታይራ እንደምታደርገው። ዳግኒ ሳንቃውን አስቀመጠች፤ እሱ ድንጋዩን ጫነ።

«ነገ ጠዋት ይገለበጣል» አለች። «አትርሳ።»

«አልረሳም።»

እጁን ታጠበ። የጨዉን ጣሳ ከደነና እንደ ልማዱ ወደ ማገዶ ቤቱ ሊመልሰው ሄደ። የበሩን እጀታ እንደያዘ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። ቅርፊቱን ከክዳኑ ላይ በጥፍሩ ልጦ ጣሳውን ከምድጃው በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ የድሮ ቦታው አስቀመጠው።