ጣቃው ላይ የሌለው ቀለም

ወርቅውሃ ሐሙስ ጠዋት አቃቂ ወደሚገኘው የዚያድ ፎቶ ቤት ያመራችው ለጡረታ ፎርም የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ነበር። ጡረታዋ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። እሷ ግን ሰው ሳያስወጣት ራሷ ልትወጣ ቆርጣለች።

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ቀለም የምትለየው እሷ ነበረች። ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ፍቅሩ፣ ቂሊንጦ ላለ ልብስ ሰፊ ድርጅት የተሠራውን ባለ ጥቁርና ነጭ ቀጫጭን መስመር የሸሚዝ ጨርቅ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ጨርቃችሁ ቀለም ለቋል፣ አንቀበልም የሚል። እውነትም ፎቶው ላይ ሮዝና አረንጓዴ ማዕበል ይተራመሳል። ወርቅውሃ መጋዘን ወርዳ ጣቃውን ብትዘረጋው ግን ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነው። ፍቅሩም አብሯት አየና ምንም አልታየውም። ነገር ግን እሱ ድሮም በመነጽር ነው የሚያየው፤ ስልኩ ደግሞ ባለ ሃምሳ ሜጋፒክስል ነው። ሃምሳ ሚሊዮን ነጥብ ያየውን ማን ይክዳል? እስከ ዓርብ ምክንያቱን በጽሑፍ እንድታቀርብ ነገራት።

ወርቅውሃን ያስፈራት ጽሑፉ አልነበረም። የእናቷ ዓይን የጨለመው ልክ በዚህ ዕድሜ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አልነበራትም። ሳሪስ ሰፈሯ ውስጥ አትክልት የምትሸጠውን እምነትን፣ ይሄ ቲማቲም ቀይ ነው ወይ እያለች ስትጠይቃት እምነት የምትቀልድባት መስሏት ትስቅ ነበር።

ዚያድ መብራቱን ሲያስተካክል ወርቅውሃ የጨርቁን ቁራጭ ከቦርሳዋ አውጥታ፣ እስቲ በአላህ፣ ሮዝ ይታይሃል ወይ አለችው። አይታየኝም አለ። ካሜራ ግን አይቶታል አለችው። ይሄኔ ዚያድ ፈገግ ብሎ ጨርቁን በርጩማው ላይ አነጠፈና ፎቶ አንስቶ አሳያት። ያው ማዕበል! ወርቅውሃ ጨርቁን ከበርጩማው ልታነሳ እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ደገመው፤ ማዕበሉ ሰፍቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። ተጠግቶ ሲያነሳ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ።

«ቀለም የለቀቀ ጨርቅ ሰው ስለተጠጋው አይነጻም፣ ማዘር» አላት።

ከዚያ ተቀምጦ አስረዳት። ካሜራው ሃያ አራት ሚሊዮን ነጥብ አለኝ ቢልም እያንዳንዷ ነጥብ የምታየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ የቀሩት ቀይ ወይም ሰማያዊ። የጎደላትን ከጎረቤቶቿ ጠይቃ በግምት ትሞላለች። ስለዚህ በትክክል የሚያየው ከሚኩራራበት ቁጥር ያነሰ ነው። የሰው ፊት ላይ ግምቱ ይሰምርለታል። መስመሩ እንዲህ ሲደቅበት ግን አንዷ ነጥብ ጥቁር ላይ፣ ጎረቤቷ ነጭ ላይ ታርፍና የሌለ ቀለም ይፈጥራል። አሮጌው ካሜራው በትንሹ የሚያደበዝዝ መስታወት ፊቱ ላይ ስለነበረው እንዲህ ብዙ አይቀባጥርም ነበር። አዲሶቹ ጥራት ይጨምር ተብሎ መስታወቱ ተነስቶላቸዋል።

«ዓይንዎ ደህና ነው። የተሳሳተው ካሜራው ነው።»

ወርቅውሃ እዚያው እያለቀሰች ሳቀች። ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ወረደላት። ዚያድ ከኋላዋ ጉርድ ፎቶውስ ቢላት የዛሬ አራት ዓመት እመጣለሁ ብላው ወጣች።

ፋብሪካ ተመልሳ የሰማችውን ስትነግረው ፍቅሩ በገዛ ስልኩ ጣቃውን ቀረብ፣ ራቅ እያለ ሲያየው ቀለሙ እንደ ልቡ ሲሄድና ሲመጣ ተመለከተ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብሎ ሁለት ጣቃ በፒካፕ ጭኖ ራሱ ቂሊንጦ ወሰደው። እዚያ ያሉት ጨርቁን በእጃቸው ዳስሰው፣ በዓይናቸው አይተው ተቀበሉት። ከእንግዲህ ናሙና በፎቶ እንዳይላክ ተባለ።

ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ እምነት ጋ ቆመች።

«እትዬ ወርቄ፣ ዛሬስ አይጠይቁኝም?» አለች እምነት።

ወርቅውሃ ቲማቲሙን አንድ በአንድ እየመረጠች ከረጢት ውስጥ ከተተችና አንዱን ቲማቲም መልሳ አስቀመጠችው። ይሄ ገና ነው አለቻት። እምነት ቀይ ነው ብላ ልትከራከር አነሳችው። ገልብጣ ብታየው ከእንብርቱ ዙሪያ አረንጓዴ ነበር።