የአሮጌው መናኸሪያ አደራ

ጉድ ነው መቼም! ያ ጧት ማታ ጆሮ የሚያደነቁር የአሰላ አሮጌ መናኸሪያ ዛሬ ጭር ብሏል። መኪኖቹ ከከተማው ዳር ወደተሠራው አዲስ መናኸሪያ ተጠቃለው ሄደዋል። የቀረው ግድግዳው ላይ የደበዘዘው «አርቦዬ፣ ኦጎልቾ፣ ጮሌ» የሚል የመድረሻ ከተሞች ጽሑፍ፣ ውሃ ከተቋረጠበት ዓመታት ያለፈው ቧንቧ፣ ዝናብ የሚያስገባ የቆርቆሮ መጠለያ፣ ከጥጉ ደግሞ የወይዘሮ ቦጋለች የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነው። ክፍሉ ድሮ የዘበኛ ማደሪያ ነበር፤ ቀጥሎ ትኬት መቁረጫ ሆነ። ለቦጋለች ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ እንጀራዋ ነው።

ቦጋለች ዕቃ ስትቀበል ወረቀት አትሰጥ፣ ስም አትጠይቅ። የሰውየውን ፊት አንዴ ትኩር ብላ ታያለች፤ በቃ። «ስም ስንቱ ይጋራዋል፤ ፊት ግን የየራስ ነው» ትላለች። የአንዱን ዕቃ ለሌላው ሰጥታም አታውቅም።

ጠዋት ትኬት ቆራጯ ፀዲ ባጃጅ አስቁማ ጮኸችባት።

«እትዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? የአዲሱ መናኸሪያ ክፍሎች ቁልፍ ዛሬ ነው የሚታደለው። ስምሽ ሲጠራ አቤት ካላልሽ ለሌላ ሰው ነው የሚሰጡት!»

«ይሄ ከረጢትስ?»

«ይዘሽው ነያ!»

«ባለቤቱ እዚህ ነው የሰጠኝ። መጥቶ ቢያጣኝስ?»

«ወይ ጣጣ! አንቺ ሴትዮ ልታሳብጂኝ ነው!» አለችና ፀዲ ተፈተለከች።

ከረጢቱን የተወው የጮሌ ገበሬ ነው። ትናንት ምጥ የያዛት ሚስቱን ደግፎ ከመጨረሻው አውቶቡስ እንደወረደ፣ «ሀርሜ፣ እናቴ፣ አደራ!» ብሎ አስታቀፋትና ወደ ሆስፒታል ገሰገሰ። የሕፃን ልብስ ጫፉ ብቅ ብሎ ይታያል፤ ለአራስ የታሰበው ቅቤም ያውዳል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ጥላው ትሂድ? ቦጋለች ታክቷታል፤ ደርሶ መልሱም ሩቅ ነው። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ዋለች፤ ልቧ ግን አዲሱ መናኸሪያ ነበር። ያን ክፍል ካጣች በዚህ ዕድሜዋ የሰው እጅ ልታይ ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ገበሬው ላቡን እየጠረገ ከች አለ። ገና ከሩቅ ለየችው።

«ተመስገን! ሚስትህስ?»

«ንጋት ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። እርስዎን ግን ስፈልግ ዋልኩ እናቴ! መናኸሪያው ተዛወረ ሲሉኝ እዚያ ሄጄ ስጠብቅዎት ነበር።»

ቦጋለች ክው አለች። «ቁልፍ ሲያድሉ እዚያ ነበርክ?»

«አጠገባቸው ቆሜ! አንዷን ሴትዮ ሲጠሩ ሲጠሩ ደከማቸው። ቦጋለች፣ ቦጋለች ይላሉ፤ አቤት የሚል የለም። በመጨረሻ ቁልፉን ለሌላ ሰጡት። ምነው፣ ባውቃት ኖሮ ሮጬ በጠራኋት! እንዴት ያለች ዝንጉ ናት እባክዎ!»

ቦጋለች ከረጢቱን አንስታ አቧራውን አራገፈችለት።

«ስምህ ማን ነው ልጄ?» አለችው። በዚያ ደጃፍ የሰው ስም ስትጠይቅ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

«ከዲሮ። የእርስዎስ?»

አቀርቅራ የከረጢቱን አፍ አጥብቃ ቋጠረች።

«እናቴ ብለኸኝ የለ? እሱ ይበቃኛል። በል ሂድ፣ አራሷ ትጠብቅሃለች።»