የሊቀመንበሩ ትንኝ

ከፕሪፒያት ወንዝ ማዶ ባለችው በዛባሎቴ ከተማ በጋ ሲገባ ከሰው ይልቅ ትንኝ ይበዛል። ረግረጉ የሚጀምረው ከመጨረሻው ቤት ጓሮ ነውና እዚያ አገር ሰው ትንኝ በጥፊ እያለ ያድጋል፣ ትንኝ በጥፊ እያለ ያረጃል። የራይሳ ልጅ ያዜፕ የታሰረውም በዚሁ ነው። አደባባይ ቆሞ ሳለ አንዲቷን በሁለት መዳፉ ጧ! አደረጋት። ወዲያው ሲቪል የለበሱ ሁለት ጎረምሳ ፖሊሶች ከኋላ ብብቱን ይዘው የፖሊስ መኪና ውስጥ ወረወሩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መፈክር ሲከለከል ሰዉ ለተቃውሞ አደባባይ እየወጣ ዝም ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። መንግሥትም ወጉ ነውና ጭብጨባን ከለከለ። ያዜፕ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ትንኝ ነው የገደልኩት» ቢል ዳኛዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ «ትንኟ የታለች?» አለችው። ከየት ያምጣት? አሥራ አምስት ቀን ተፈረደበት።

ራይሳ የከተማው የባህል አዳራሽ ኃላፊ ናት። የነጻነት በዓል ሲቃረብ የፖሊስ አዛዡ ሻለቃ ሺድሎውስኪ አስጠራት።

«ስሚ ራይሳ፣ የአውራጃው ሊቀመንበር ለበዓሉ ይመጣሉ። ዝግጅቱ ያለ እንከን ካለፈ ልጅሽ የዚያኑ ማታ ቤቱ ያድራል። ከተበላሸ ግን ሌላ አሥራ አምስት ቀን እመርቅለታለሁ።»

«እሺ ሻለቃ። ንግግራቸውን ሲጨርሱ ይጨበጨባል?»

ሻለቃው ከወንበሩ ተነሳ። «ማን አባቱ ነው የሚያጨበጭበው? ከሩቅ ከተማ ሲቪል ለባሽ ልጆች አስመጥቻለሁ። ‹ፊት አትዩ፣ እጅ እዩ› ብያቸዋለሁ። ያጨበጨበ ይለቀማል!»

ራይሳ ለሊቀመንበሩ ጸሐፊ ደወለች። ጸሐፊው ደግሞ በስልክ ጮኸባት። «ጭብጨባ የሌለበት በዓል ቀብር ነው ወይ? ሞቅ ያለ፣ የማያባራ ጭብጨባ ይሁን! አለዚያ ይቀየማሉ!»

ከሁለት ያጣች ሆነችና አጥሩን ተደግፋ ለጎረቤቷ ለእትዬ ያድቪጋ አጫወተቻቸው። እሳቸው ለቂጣ የሚሆን ድንች እየፈቀፈቁ ነበር።

«ምኑ ያስጨንቅሻል?» አሉ ቀና ሳይሉ። «ሰው ሳይመርጥ ድምፅ ሲገኝ ኖሮ የለም እንዴ? ሰው ሳያጨበጭብ ጭብጨባ የማይገኝበት ምን ምክንያት አለ?»

ራይሳ ሳቀች። ቀጥሎ መሳቋን ተወችና ወደ አዳራሹ ዕቃ ቤት ሮጠች። ካሴቶቹ መሀል አንድ የድሮ ኮንሰርት ነበር፤ ዘፋኟ ስትጨርስ ሕዝቡ ጣሪያ እስኪነቀል ያጨበጨበበት።

የበዓሉ ዕለት አደባባዩ ጢም አለ። ወንዱ እጁን ኪሱ ከቷል፤ ሴቱ ዘንቢል በሁለት እጁ ይዟል። የሩቅ ከተማ ልጆች በየመሀሉ ተሰግስገው ወደ ታች፣ ወደ እጅ እጅ ያያሉ። ትንኙ የልቡን ሠራ፤ የሚከለክለው የለማ። ሊቀመንበሩ ከመድረክ ወርዶ፣ ማይክ ይዞ፣ ሕዝቡ መሀል ቆሞ ስለ ነጻነት ብዙ ተናገረ። ለሕዝብ ቅርብ ነኝ ማለቱ ነው። «ደስተኛ ሕዝብ ነን!» ብሎ ሲጨርስ ራይሳ የካሴት ማጫወቻውን ቁልፍ ተጫነች።

ድምፅ ማጉያዎቹ አጨበጨቡ። አቤት ጭብጨባ! እጁን ኪሱ የከተተው ሕዝብ ጸጥ ብሎ የራሱን ጭብጨባ አዳመጠ። ከካሴቱ ውስጥም አንድ ወፍራም ድምፅ «ድገሚልን፣ የኔ ቆንጆ!» ብሎ ጮኸ።

የሊቀመንበሩ ፊት ፈካ። እዚያ አገር ሹም ሲጨበጨብለት መልሶ ለሕዝቡ ማጨብጨብ የቆየ ልማድ ነው፤ የሹመት ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው እሱን ይመስለኛል። እጁም ከአእምሮው ቀደመና ጧ ጧ ጧ አደረገ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የሚያጨበጭብ እጅ ያ ብቻ ነበር።

ልጆቹ የታዘዙትን አደረጉ። እጅ አዩ፣ ፊት አላዩም።

ሻለቃው እያለከለከ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ክራባቱ ጀርባው ላይ ዞሮ የፖሊስ መኪናው ውስጥ ተቆራምዷል።

«ልቀቋቸው! እናንተ ደንቆሮዎች!»

«አጨብጭቧል» አለ አንደኛው ጎረምሳ ኮራ ብሎ። «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቀው። በአውራጃው የክልከላውን ትእዛዝ የፈረመው ራሱ ነው፤ ሕዝቡም መኪናውን ከብቦ ያዳምጣል። «ማን አጨበጨበ? ትንኝ ነው! ትንኝ እየገደልኩ ነበር!»

«አዎ ጌታዬ፣ ትንኝ ናት! ዘንድሮ ብሶባታል!» አለ ሻለቃው።

ራይሳ ሕዝቡን ሰንጥቃ ጠጋ አለች። «ትንኟ የታለች?»

ሁሉም ዞሮ አያት።

«ዳኛዋ ልጄን እንዲህ ብላ ነው የጠየቀችው፣ ጌታዬ። እሱም ትንኝ ገድሎ ነው የታሰረው።»

ሊቀመንበሩ ሻለቃውን፣ ከዚያ ሕዝቡን፣ ከዚያ የገዛ መዳፉን አየ። «ትንኝ የገደለ ሰው ይታሰራል እንዴ?» አለ፣ ከፖሊስ መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ። «ፍቱት እንጂ! ምን አይነት አገር ነው ይሄ?»

ማታ ያዜፕ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ ሲታሰር የወሰዱበትን የጫማውን ክር በእጁ ይዞ ከጣቢያው ወጣ። ራይሳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ጎረቤቱ ሁሉ መንገዱ ዳር ቆሟል። የሩቅ ከተማ ልጆችም አልሄዱም፤ አሁንም እጅ እጅ ያያሉ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

እትዬ ያድቪጋ ብቻ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡና ጧ! አደረጉ።

«ይቺ ትንኝ! በላችኝ እኮ!»

«እኔንም!» አለ ከወዲያ አንዱ፤ ጧ! «እኔንስ!» ጧ! ጧ! ወዲያው መንገዱ በሙሉ ትንኝ ይገድል ጀመር። የሚስቅም የሚያለቅስም ነበረበት። ጎረምሶቹ ግራ ገብቷቸው ወደ አለቃቸው ዞሩ።

ሻለቃው የጣቢያው በር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንዲት እውነተኛ ትንኝ አንገቱ ላይ ተቀምጣ ትመጠው ነበር፤ እሱ ግን እጁን አላነሳም።